ለሕፃናት የሙዚቃ አኒሜሽን የትኛው የድሮ ስታይል ይሻላል?

ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ሙዚቃን የሚያስተዋውቅ፣ የድሮ መልክ ያለው ገጸ ባሕርይ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በዐይኑ ነው። አንድ አሮጌ ካርቱን ደስ ይለዋል፣ ያንን የሚመስል ይሥላል፣ ዘፈኑን በኋላ ይለጥፍበታል። የሚወጣው ቪዲዮ ቆንጆ ይሆናል፤ ልጁ ግን ምቱን አይይዘውም፣ ክራሩን ከማሲንቆው አይለይም። የድሮ ስታይሎች እያንዳንዳቸው ከአንድ የሥራ ችግር የተወለዱ ናቸው። ያ ችግር የሰጣቸው ጠባይ አንዱን ምት ለማሳየት፣ ሌላውን የመሣሪያ ድምፅ ለማስለየት፣ ሌላውን ግጥም ለማዘፈን ምቹ አድርጎታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው ልጁ ከቪዲዮው ምን እንዲሰማ እንደሚፈለግ ነው፤ ስታይሉ ከዚያ ይከተላል።

እዚህ የሚነጻጸሩት አምስት ናቸው፦ የ1920ዎቹና የ30ዎቹ ራበር ሆዝ (የጎማ ቱቦ)፣ የ1950ዎቹ ጠፍጣፋ ሥዕል፣ የ1960ዎቹ የቴሌቪዥን ቁጠባ ስታይል፣ የጥላ ወረቀት እና የ1980ዎቹ ፒክስል (በትንንሽ ካሬ ነጥቦች የሚሠራ ሥዕል)። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሥዕሉ በፊት፦ ድምፁና የፍሬም ሒሳቡ

ይህ ክፍል ለአምስቱም ይሠራል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ዘፈኑ ተቀድቶ ሳያልቅ አንድም ሥዕል አይሣሉ። የዲዝኒ ሰዎች በኅዳር 1928 ኒው ዮርክ ላይ ላሳዩት ድምፅ ያለው የሚኪ ማውስ ፊልም ሥራውን ያቀናጁት በሜትሮኖም፣ ማለትም ምትን እኩል በሚቆጥር መሣሪያ፣ ነበር፤ እያንዳንዱ ምት ስንት ፍሬም (ፊልሙ የሚሠራበት ነጠላ ምስል) እንደሚወስድ አስቀድመው አስልተው ሣሉ። ሒሳቡ ዛሬም ያው ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም የሚሠሩ ከሆነ 1440ን ለዘፈኑ ፍጥነት ያካፍሉ። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን ለአንድ ምት 12 ፍሬም ይሰጣል፣ 96 ምት 15፣ 90 ምት 16፣ 80 ምት 18።

ውጤቱ ሙሉ ቁጥር ያልሆነበትን ፍጥነት ይተዉ። በ110 ምት ሲካፈል 13.09 ይወጣል። «13 ይበቃል» ብሎ የሠራ ሰው ከ100 ምት በኋላ፣ ማለትም ደቂቃ ሳይሞላ፣ 9 ፍሬም ያህል ተዛንፎ ያገኘዋል። ይህ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ በላይ ነው። የትኛውም ልጅ ከእንዲህ ያለ ሥዕል ጋር ማጨብጨብ አይችልም።

ለችክችካ ደግሞ ሌላ መስፈርት ይጨመራል። አንዱ ምት በሦስት ስለሚከፈል የፍሬሙ ቁጥር ለሦስት ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። በ120 ምት 12 ፍሬሙ 4፣ 4፣ 4 ይሆናል። በ80 ምት 18ቱ 6፣ 6፣ 6 ይሆናል። በ96 ምት 15ቱ 5፣ 5፣ 5 ይሆናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ይዘው የሚሠሩ ከሆነ (ብዙ ሰው የሚሠራው እንደዚያ ነው) 5 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ መቺው እጅ ከድምፁ አንድ ፍሬም እያለፈ ይወድቃል። ስለዚህ ለችክችካ 80 ወይም 120 ይምረጡ። ትንንሽ ልጆች በራሳቸው ሲያጨበጭቡ ከአዋቂ ፈጠን ስለሚሉ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ 120 ይቀላል።

በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚሆን ከቀረጻው በፊት ይወስኑ። በ24 ተሠርቶ በኋላ ለቴሌቪዥን ወደ 25 የተፋጠነ ፊልም ድምፁም አብሮ 4 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ ቅኝቱም ከግማሽ ቶን ሁለት ሦስተኛ ያህል ከፍ ይላል። መምህሯ ክፍል ውስጥ ክራር ይዛ ከቪዲዮው ጋር ልትጫወት ስትል አይገጥምላትም። ሥራው ለቴሌቪዥን ከሆነ ከመጀመሪያው በ25 ይሥሩ፤ ያኔ የሚካፈለው 1500 ነው፤ 100 ምት 15 ፍሬም፣ 125 ምት 12 ፍሬም ይሰጣል። 125 ለችክችካ ይሆናል።

ሌላው የሚረሳ ነገር፦ እጁ ከበሮውን የሚነካበት ሥዕል ከድምፁ እኩል ወይም አንድ ፍሬም ቀድሞ ይግባ፤ በፍጹም አይዘግይ። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመዘኛ መሠረት ሰው ድምፅ ከሥዕል 45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከቀደመ ይነቃበታል፣ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ድረስ ላይነቃበት ይችላል። በ24 ፍሬም አንዱ ፍሬም 42 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ሥዕሉ በሁለት ፍሬም ከዘገየ መስመሩን አልፈዋል ማለት ነው።

የዘፈኑ ከፍታም ለልጅ ይሁን። ከመካከለኛው ዶ በላይ ካለው ሬ እስከ ላ ያለው ስፋት ለዚህ ዕድሜ ይመቻል። አዋቂ ድምፃዊ በሚመቸው ከፍታ የተቀዳ ዘፈን ልጆች ወይ ይጮኹበታል ወይ ዝም ይሉበታል።

ራበር ሆዝ፦ ለምት

እጅና እግራቸው አጥንት የሌለው፣ እንደ ጎማ ቱቦ የሚታጠፍ፣ ክብ ዐይን ያላቸው ገጸ ባሕርያት ናቸው። ክርንና ጉልበት ስለሌለ ለመሣል ይፈጥናል፤ ድምፅ ፊልም ላይ ሲመጣም ሁሉንም ነገር በምት ለማስጨፈር እንዲህ ያለ አካል ምቹ ሆነ። በእርግጥም ለምት የሚወዳደረው የለም። የገጸ ባሕርዩ አካል በእያንዳንዱ ምት ዝቅ ብሎ ሲሰፋ፣ መልሶ ሲለጠጥ፣ ልጁ ቁጥር ሳይነገረው አብሮ ዝቅ ከፍ ይላል።

የከበሮ ገጸ ባሕርይ በ120 ምት እንዲህ ይሠራል። አንድ ምት 12 ፍሬም ነው፤ በሁለት በሁለት ሲያዝ 6 ሥዕል። 1ኛው ሥዕል መዳፉ የከበሮውን ገጽ የነካበት ነው፤ አካሉ ቁመቱን ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንስና በዚያው መጠን ይሰፋል። 2ኛው መመለስ ይጀምራል። 3ኛው ከተፈጥሮ ቁመቱ 10 በመቶ ያልፋል፣ እጁም ከፍ ይላል። 4ኛው ወደ ቁመቱ ይረጋል። 5ኛው መውረድ ይጀምራል። 6ኛው ከመምታቱ በፊት እጁ ወደ ኋላ የተሳበበት ነው። ስድስቱ ተመልሰው ይዞራሉ። በችክችካ ከሦስቱ ክፍልፋዮች በመጀመሪያውና በሦስተኛው የሚመታ ከሆነ ከባዱ ምት ፍሬም 1 ላይ፣ ቀላሉ ፍሬም 9 ላይ ይውላል። ስለዚህ 5ኛው ሥዕል ሁለተኛው እጅ ትንሹን ገጽ የነካበት ይሆናል፤ አካሉ በዚህኛው ከ5 በመቶ በላይ አይጨፍለቅ፣ አለበለዚያ ልጁ ከባዱን ከቀላሉ አይለይም።

ትልቁ የከበሮ ገጽ ወፍራም ድምፅ፣ ትንሹ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ይህን ማቃለል አይገባም፤ ሁለቱን ገጽ እኩል አድርጎ የሣለ ሰው መሣሪያው ራሱ የሚያስተምረውን ነገር ጥሎታል።

የዚህ ስታይል ትልቁ ጥፋት ሁሉም ነገር መወዛወዙ ነው። ዛፉም፣ ቤቱም፣ ፀሐይዋም በምቱ ከጨፈሩ ልጁ ድምፁ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይችልም። በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ የሚንቀሳቀሰው ድምፅ የሚያወጣው ብቻ ይሁን፤ ጓደኞቹ በግማሹ፣ የጀርባው ሥዕል ደግሞ ጨርሶ ይቁም።

አውታር ላላቸው መሣሪያዎች አይመከርም። እንደ ቱቦ የሚታጠፍ ክንድ ጣቶቹ ምን እንደሚሠሩ ይደብቃል። በዚያ ዘመን የተለመደው ባለ አራት ጣት እጅ ደግሞ በስድስት አውታር ክራር ላይ አይሆንም፤ የግራ እጅ አምስቱም ጣቶች ሥራ አላቸው። ገጸ ባሕርዩ ክራር የግድ የሚይዝ ከሆነ አምስት ጣት ይሣሉለት።

አንድ ነገር ሳይሸፋፈን ይነገር። ጥቁር ፊት፣ ተልቆ የተሣለ ነጭ ወይም ቀይ አፍ፣ ነጭ ጓንት፤ ይህ ጥምረት ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው ጥቁሮችን ያላገጡበት ከነበረው የአሜሪካ መድረክ ጋር የተያያዘ ነው። ጓንቱ የሥራ ምክንያትም ነበረው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ጥቁር እጅ በጥቁር አካል ላይ ስለማይታይ። ዛሬ ቀለም አለን፤ ምክንያቱ የለም። ለአበሻ ልጅ የሚሠራ ገጸ ባሕርይ ያንን ፊት መሸከም የለበትም። እጁን ከአካሉ በቀለም ይለዩት፣ የእጅጌ ጥለት ያድርጉለት፣ አፉን በመስመር ይሥሩት፤ የስታይሉ ውበት ምንም አይጎድልበትም።

የ1950ዎቹ ጠፍጣፋ ሥዕል፦ መሣሪያዎችን ለማስለየት

በእኛ ሚዛን ለዚህ ሥራ ከአምስቱ የተሻለው ይህ ነው። ዩፒኤ የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ በ1950ዎቹ ገጸ ባሕርያቱን ወደ ሦስት ማዕዘን፣ ክብና መስመር ቀነሳቸው፤ ጥላና ጥልቀት ተወ፤ ጀርባውን አንድ ወጥ ቀለም አደረገው። ዲዝኒም በ1953 በዚሁ መልክ የመሣሪያ ቤተሰቦችን የሚያስረዳ አጭር ፊልም ሠርቶ በቀጣዩ ዓመት ኦስካር አገኘበት። የነሐስ፣ የትንፋሽ፣ የአውታርና የምት መሣሪያዎችን በአራት የድምፅ ቃላት ከፋፍሎ ነበር ያቀረበው። ስታይሉ ለዚህ የተመቸው ቅርፅ ራሱ ስለሚናገርበት ነው፤ ትርፍ ነገር ስለሌለ ልጁ የሚያየው ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል ብቻ ነው።

የእኛ መሣሪያዎች በዚህ ስታይል ሲሣሉ ያምራሉ፤ ድሮውንም ጂኦሜትሪ ናቸውና። ማሲንቆ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን በማዕዘኑ ቆሞ፣ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር እና ደጋን ነው። ከበሮ ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣ ነው። ክራር ገበቴ፣ ሁለት ክንድና ቀንበር ነው። ዋሽንት አንድ ዘንግ ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው ሠዓሊው መሣሪያውን ሲጫወቱት ሳያይ ሲሥል ነው። ዋሽንት እንደ ፈረንጅ ፍሉት ወደ ጎን ተይዞ አይነፋም፤ ከጫፉ ዘንበል ተደርጎ ይነፋል፣ የጣት ቀዳዳዎቹም ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው። ክራር እንደ ጊታር አንገት የለውም፤ የግራ እጅ ጣቶች ከአውታሮቹ ኋላ ሆነው የማይፈለገውን አውታር ያፍናሉ እንጂ ወደ እንጨት አይጫኑም። በማሲንቆም ጣቱ አውታሩን ይነካዋል እንጂ እጀታው ላይ አይጨቁነውም። ልጁ በኋላ እውነተኛውን መሣሪያ ሲያይ «ይሄ ሌላ ነው» እንዳይል እነዚህ ሦስት ነገሮች መስተካከል አለባቸው። መሣሪያዎቹን ቤቱ ወይም ሠርግ ላይ አይቶ ለማያውቅ፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ለሚያድግ ልጅ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ለእሱ ሥዕሉ የመጀመሪያው ትውውቅ ነው። በቪዲዮው መጨረሻ ላይ የእውነተኛውን መሣሪያ የ10 ሰከንድ ቀረጻ ያክሉ።

ስለ በገና፦ ባለ አሥር አውታር ነው፣ ድምፁም ልዩ ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። ነገር ግን የጸሎትና የጾም መሣሪያ ስለሆነ እየዘለለ የሚስቅ ገጸ ባሕርይ አያድርጉት። ማስተዋወቅ ከፈለጉ ተቀምጦ፣ ረጋ ብሎ፣ ሌሎቹ ሲያዳምጡት ያሳዩት። ወላጆች የሚመዝኑት በዚህ ነው።

የገጸ ባሕርዩ አሠራር በቁርጥራጭ ይሁን። ለአንድ ክራር ተጫዋች ከ14 እስከ 18 ክፍል ይበቃል፦ ራስ፣ አካል፣ ሁለት የላይ ክንድ፣ ሁለት የታች ክንድ፣ የቀኝ እጅ በ2 አያያዝ፣ የግራ እጅ በ3፣ እግሮች፣ ዐይን ክፍትና ክድን፣ አፍ በ3። በነጻ ከሚገኙት ኦፕንቱንዝ ወይም ብሌንደር ላይ እነዚህን በማጠፊያ ነጥብ ማያያዝ ይቻላል። የአውታሩ ንዝረት በቀላሉ ይሣላል፤ ድምፁ እስካለ ድረስ አንዱ መስመር በየ2 ፍሬሙ በሁለት ቀጫጭን መስመሮች ይተካ፣ ድምፁ ሲጠፋ ወደ አንድ ይመለስ። የክራር ድምፅ ቶሎ ስለሚሞት ንዝረቱ አጭር፣ የማሲንቆ ደግሞ ደጋኑ እስከሚቆም ድረስ ረጅም ነው። ልጁ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዚህ ብቻ ሊይዘው ይችላል።

ቀለም፦ ከ5 አይበልጥ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ቀለም ይመደብ፣ ያ ቀለም ጀርባው ላይ አይደገም። መነሻ የሚሆን ሰሌዳ የሚፈልጉ ከ1969 ጀምሮ አምሃ ሪከርድስን የመሰሉ የአዲስ አበባ አሳታሚዎች ያወጧቸውን የሸክላ ሽፋኖች ይመልከቱ። ለአበሻ ወላጅ «ድሮ» ማለት የ1930ዎቹ አሜሪካ አይደለም፤ ሸክላና ሬዲዮ ነው።

የዚህ ስታይል ድካሙ ክብደት ማጣቱ ነው። ጠፍጣፋ እጅ ጠፍጣፋ ከበሮ ላይ ሲያርፍ የተመታ አይመስልም። የነካበትን ሥዕል ለ2 ፍሬም አቁመው በዚያው ጊዜ ከበሮውን ከ6 እስከ 8 ፒክስል ወደ ታች ያንቀሳቅሱት። ችግሩ ይፈታል።

ሥዕሉ ሲያልቅ ገጸ ባሕርዩን በጥቁር ሞልተው በስልክ ስክሪን ላይ 2 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይዩት። የትኛው መሣሪያ እንደሆነ ካልታወቀ ቁርጥራጮቹን ለእንቅስቃሴ ከማያያዝዎ በፊት ቅርፁን እንደገና ይሥሩት።

የቴሌቪዥን ቁጠባ ስታይል፦ ግጥም ለማዘፈን

የአሜሪካው የካርቱን ስቱዲዮ ሃና ባርቤራ በ1957 ተቋቁሞ ለቴሌቪዥን በየሳምንቱ ማቅረብ ሲጀምር ሙሉ አካል ለማንቀሳቀስ ጊዜም ገንዘብም አልነበረውም። መፍትሔው አካሉን አቁሞ ራሱን ብቻ ማንቀሳቀስ ነበር። የገጸ ባሕርያቱ ኮሌታና ክራባት ራሱ ከአካሉ የተለየበትን መስመር ይደብቃል። በእኛ ገጸ ባሕርይ አንገት ላይ የተጠመጠመ ነጠላ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ጥለቱ መገጣጠሚያው ላይ ይዋል።

ለቁጥር ዘፈን፣ ለፊደል ዘፈን፣ ልጁ ቃሉን እንዲይዝ ለሚፈለግበት ሁሉ ይህ ይበልጣል። ዐይን ወደ አፉ ይሄዳልና። ነገር ግን ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተዘጋጀ የአፍ ሥዕል ስብስብ ገዝተው ካስገቡ አይገጥምም። ለአማርኛ 8 አፍ ይበቃል፣ አምስቱ ለአናባቢ፦ ለግዕዝና ለሳድስ ገርበብ ያለ አንድ፣ ለካዕብ ትንሽ ክብ፣ ለሣልስና ለኃምስ ወደ ጎን የተሳበ፣ ለራብዕ ትልቅ ክፍት፣ ለሳብዕ ከካዕብ የሰፋ ክብ። ሦስቱ ለተነባቢ፦ ለመ፣ ለበ፣ ለፐና ለጰ የተዘጋ ከንፈር፤ ለፈ የላይ ጥርስ በታች ከንፈር ላይ፤ ለለ፣ ለተ፣ ለደና ለነ ምላስ የሚታይበት። እንደ ቋ እና ሏ ያሉት በ2 ፍሬም ክብ ጀምረው ወደ ክፍት ይሄዳሉ።

የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ የግጥሙ ወረቀት ራሱ የአፍ ዝርዝር ይሆናል፤ ፊደሉን አይተው አፉን ይመድባሉ። አንድ ጥንቃቄ አለ። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ የለውም፤ «ልብስ» ሲባል ለእያንዳንዱ ፊደል አፍ ቢከፈት ገጸ ባሕርዩ ማኘክ ይጀምራል። ስለዚህ ሳድሶቹን ድምፁን እየሰሙ ይምረጡ። በዘፈን ላይ ደግሞ የተሳበው አናባቢ አፍ እስከ ኖታው መጨረሻ ይቁም፣ በየ2 ፍሬሙ አይቀያየር።

የሚጎድለው ምት ነው። አካሉ ስለቆመ ልጁም ይቆማል። ትከሻውን ብቻ በምቱ ከፍ ዝቅ ማድረግ በ3 ሥዕል ያልቃል፤ እስክስታ ለሚያውቅ ቤተሰብ ደግሞ በቂ ምልክት ነው።

የጥላ ወረቀት፦ ከልጆቹ ጋር ለሚሠራ

ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር በ1926 ሙሉ ፊልም በተቆረጠ ጥቁር ወረቀት ሠርታለች፤ በ1935 ደግሞ ከሞዛርት ኦፔራ ገጸ ባሕርያት አንዱን በዚሁ መንገድ አንቀሳቅሳለች። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር የሚቻለው ይህ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ከ220 እስከ 250 ግራም ጥቁር ካርቶን፣ ለመገጣጠሚያ ቀጭን ሽቦ፣ መስታወት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ፣ ሥሩ ነጭ ወረቀትና መብራት፣ ከላይ በጽኑ የታሰረ ስልክ ነው። በሰከንድ 12 ፎቶ ሲነሣ የ30 ሰከንድ ዘፈን 360 ፎቶ ነው፤ በ120 ምት አንዱ ምት 6 ፎቶ ይወስዳል።

የስልኩን ብርሃንና ቀለም ማስተካከያ በእጅ ቆልፉት፤ ካልተቆለፈ የአንድ ልጅ እጅ በገባ ቁጥር ሥዕሉ ይደምቃል ይጨልማል። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ የመዝጊያ ፍጥነቱ 1/100፣ 1/50 ወይም 1/25 ካልሆነ አንዳንድ አምፖል ሥዕሉን ያንቀጠቅጠዋል። የመስኮት ብርሃን ይዘጋ፤ ደመና ሲያልፍ ይታያል።

ጥላ ብቻ ስለሆነ ክራርና በገና ሊመሳሰሉ ይችላሉ። በገናውን ከክራሩ በጣም ረጅም፣ ገበቴውን ባለ ማዕዘን፣ የክራሩን ገበቴ ክብ አድርገው ይቁረጡ። ዐይን የሌለው ጥቁር ፊት የ3 ዓመት ልጅን ሊያስፈራ ስለሚችል ዐይኑ ተበስቶ ብርሃን ይግባበት።

ፒክስል፦ ለከፍታና ዝቅታ

የጃፓኑ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን ፋሚኮም በ1983 ሲወጣ አንዱ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከ3 ቀለም በላይ መያዝ አይችልም ነበር። ይህ ካሬ ካሬ ዓለም ዜማ ሲወጣና ሲወርድ ለማሳየት ይስማማል፤ አንድ ድምፅ አንድ ደረጃ ይሆናል። ሥዕሉን በ320 በ180 ይሥሩ፣ በ6 ሲባዛ 1920 በ1080 ይሰጣል። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከነተደጋጋሚው 6 ደረጃ ነው፤ በ16 ፒክስል ሲከፈል 96 ፒክስል ቁመት ይይዛል፣ ለገጸ ባሕርዩም ቦታ ይተርፋል። ሲያሳድጉ በሙሉ ቁጥር ብቻ ያባዙ፣ ማለስለሻውንም ያጥፉ፤ አለበለዚያ ጠርዙ ይደበዝዛል።

ገጸ ባሕርዩ 32 በ32 ይሁን። በ16 በ16 ስድስት የክራር አውታር አይገባም፤ ስድስት መስመርና በመካከላቸው አምስት ክፍተት 11 ፒክስል ይፈልጋል፣ ክንዶቹ ሲጨመሩ ቦታው ያልቃል። ሠዓሊዎች ሦስት አውታር ሥለው ይተዉታል፣ ልጆች ግን ይቆጥራሉ።

የዚያ ዘመን የጨዋታ ማሽን ቺፕ የሚያወጣው ድምፅ ማራኪ ቢሆንም መሣሪያ ለማስተዋወቅ አይሁን። ዋሽንትና ማሲንቆ አንድ ዓይነት ጩኸት ይሆናሉ። ሥዕሉ ፒክስል፣ ድምፁ እውነተኛ ይሁን። ከ5 ዓመት በታችም አንመክረውም፤ ትንሹ ልጅ ካሬዎቹን ወደ ሰው መልክ ለመቀየር ሲደክም ዜማው ያልፈዋል።

መልኩ ይርጅ፣ ድምፁ አይርጅ

የድሮ ስሜት ለመስጠት ብለው የሸክላ ንጭንጭታ ድምፁ ላይ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። የዋሽንት ትንፋሽና የጸናጽል ድምፅ የሚሰማው በዚያው ቀጭን ክልል ስለሆነ ይሸፈናል። እንደ አሮጌ ካሴት የሚወላውል ፍጥነት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ የዘፈኑን ከፍታ ያዛባል፣ ልጁም የተዛባውን ይማራል። ድምፁ ንጹሕ ይቀዳ። በስልክ ድምፅ ማጉያ የከበሮው ወፍራም ድምፅ እንደሚጠፋም ያስቡ፤ መዳፉ ቆዳውን የሚመታበትን ጥርት ያለ ድምፅ ከፍ አድርገው ይቀላቅሉ።

ሥዕሉም ላይ ልክ አለው። በየፍሬሙ የሚቀያየር የፊልም ቅንጣት ቪዲዮው ሲጨመቅ ወደ ካሬ ጭቃ ይለወጣል፤ በደካማ ኢንተርኔት በሚያይ ቤት የክራሩ አውታር ጨርሶ ይጠፋል። የማይንቀሳቀስ የወረቀት ሸካራነት ከ5 እስከ 8 በመቶ ድምቀት ይበቃል። ብልጭ ድርግም የሚል የድሮ ፕሮጀክተር ብርሃን ደግሞ በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ከሆነ የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ አደጋ ነው፤ ጨርሶ ይቅር።

ለእርስዎ የትኛው?

አንድ ወይም ሁለት ሰው ሆነው፣ መሣሪያዎችን ለማስተዋወቅ፣ ለ3 እስከ 5 ዓመት ከሆነ የ1950ዎቹ ጠፍጣፋ። በእጅ መሣል የሚችል ሰው ካለና ዓላማው ጭብጨባና ችክችካ ከሆነ ራበር ሆዝ፤ የሥዕሉን ብዛት ግን ያስቡ፣ 30 ሰከንድ በሁለት ፍሬም ሳይደጋገም ቢሣል 360 ሥዕል ነው፣ ስለዚህ በሚዞሩ ስድስት ስድስት ሥዕሎች ላይ ይገንቡት። ብዙ ዘፈን በቶሎ ማውጣት ካለብዎት የቴሌቪዥኑ። ክፍል ውስጥ ከሆኑ ጥላው። ከ5 ዓመት በላይ ለሆኑ፣ በስልክ ለሚነካ ጨዋታ ከሆነ ፒክስሉ።

ማደባለቅም ይቻላል፤ ጠፍጣፋ አካል ላይ የራበር ሆዝ ክንድ ለከበሮ መቺው ብቻ መስጠት ጥሩ ይወጣል። አፍና ዐይን ግን በሁሉም ገጸ ባሕርያት አንድ ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ ከተለያየ ቪዲዮ የተሰበሰቡ ይመስላሉ።

ርዝመቱ ከ90 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥርም ይሻላል ይላል። በመካከሉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ገጸ ባሕርዩ ለ8 ምት ቆሞ ወደ ልጁ ይይ፤ ከበሮው ብቻ በስሱ ይቀጥል። ልጁ የሚያጨበጭበው ያን ጊዜ ነው።

ከመልቀቅዎ በፊት ሁለት ፈተና ያድርጉ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ለልጆች ያሳዩ፤ ሥዕሉን አይተው በምቱ ማጨብጨብ ከቻሉ እንቅስቃሴው ትክክል ነው። ቀጥሎ ቪዲዮውን በሙሉ ካዩ በኋላ ስክሪኑን ሸፍነው የእያንዳንዱን መሣሪያ ድምፅ ለየብቻ ያሰሙና የገጸ ባሕርያቱን ሥዕል በወረቀት አቅርበው «ይሄ የማን ድምፅ ነው?» ይበሉ። ልጆቹ ሁለቱን ደጋግመው ካምታቱ ብዙውን ጊዜ የሁለቱ ቀለም ወይም ቅርፅ ተቀራርቧል፤ ወይም ሁለቱ አንድ ላይ ሲጫወቱ ታይተው ለየብቻቸው የታዩበት ጊዜ አጥሯል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ብቻውን የሚጫወትበት ቢያንስ 8 ምት ጨምረው እንደገና ይሞክሩ።